ከክሩ በላይ

ክሩ መሀሉ ላይ ጎበጥ ማለቱን ያየሁት፣ የቁመት ተቆጣጣሪዋ ልዩወርቅ ደጃፋችን ላይ ጫማዋን ማውለቅ ከጀመረች በኋላ ነው። ጠዋት አይቼው ቢሆን አንድ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። ጠዋት ግን የማየው ልጄን ነበር። ኬና ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በግንባሯና በበሩ ጉበን መሀል አንድ ጣት ብቻ መቅረቱን ስላየሁ፣ ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ጭንቅላቷ ሆነ። ስንዴውን አጠጣሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ክሩን ግን ቀና ብዬ አላየሁም።

ስንዴያችን የሚበቅለው ከበራችን ፊት ለፊት ነው። በአሰላ ብሎኮች ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የተደራረበ መደርደሪያ አለ፤ በየእርከኑ አንድ ስንዝር ቁመት ያለው ስንዴ፣ ከስንዴው በላይ የተወጠረ ክር፣ ከክሩ በላይ መብራት። ክሩን የሚወጥረው ጫፉ ላይ የሚንጠለጠል ከበድ ያለ ነገር ነው። ብሎን የሚያንጠለጥል አለ፣ ማንኪያ የሚያንጠለጥል አለ። የኛ አሮጌ ቁልፍ ነው፤ የምን እንደሆነ ከረሳነው ቆይቷል። ስንዴ ከክሩ አልፎ መብራቱን ከነካ የመስመሩ መብራት በሙሉ ይጠፋል ይባላል። ሲጠፋ ያየ ሰው የለም፤ እስኪጠፋ የጠበቀም የለም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ስንዴ ጉልበቴ ድረስ ነበር። እናቴ ደግሞ በሷ ጊዜ ወገብ ድረስ እንደነበርና ቤታቸው በጭቃና በጭድ የተመረገ እንደነበር ታወራ ነበር። ኬና ጭድ ምንድነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ የስንዴው የማይበላው ክፍል ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን ያበቅሉታል?» አለች። ስንዴው አንድ ጣት ባጠረ ቁጥር እርከን ይጨመራል፤ እርከን ሲጨመር ሰው ይጨመራል፤ ሰው ሲጨመር ወለል ይጨመራል። አምና በስድስተኛውና በሰባተኛው መሀል አንድ ወለል ሲያስገቡ የኛ ጣራ አንድ ክንድ ዝቅ አለ። በስብሰባው ላይ ቅሬታ ያለው ካለ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ባለቤቴ ገረመው እጁን አወጣ። «እኔ ቅሬታ የለኝም» አለ። «አምፖል ለመቀየር ወንበር መፈለግ ቀረልኝ።» ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የኬናን እግር እያየሁ ነበር። ልጅቷ በቁመት አባቷን ነው የመሰለችው፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ልዩወርቅ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች። ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ከውጭ እንዳይገባ ሰባተኛ ወለል ላይ ሁሉም በካልሲ ነው የሚሄደው።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ትርንጎ? ስንዴው ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሻይ ላፍላልሽ?»

«አሁን ጠጣሁ።»

«ዳቦም አለ። ትኩስ ነው። ግቢና ቁጭ በይ፣ ቁጭ ብለሽ ብትጽፊ ይሻልሻል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ ትርንጎ፣ ምን ሆነዋል?»

«እኔ? ምንም።»

ምንም ስል እጄ ክሩ ላይ ነበር። እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ልዩወርቅ እጄን በቀስታ አንስታ ጎንበስ አለች። ከስንዴው መሀል አንዱ አገዳ፣ አንድ ብቻ፣ ሁለት ጣት ከጓደኞቹ በልጦ ክሩን በራሱ ይገፋል። ሌሎቹ ቁጢጥ እንዳሉ ናቸው።

«ብርሃን ፍለጋ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል። አምፖሉ ደከም ብሏል። ገረመውን ስነግረው ነበር።»

«ይሆናል ነው ያልኩት» አለችና ከቦርሳዋ ጠብታውን አወጣች።

ጠብታው ምን እንደሆነ ሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል። ተክል ሁሉ ውስጡ «ርዘም» የሚል መልእክት አለው። የድሮ ስንዴ መልእክቱን ሲሰማ አገዳው ይመዘዛል፤ አንጓ በአንጓ ላይ እየጨመረ ይወጣል፣ ዝናብ ሲመታው ይጋደማል። የኛ ስንዴ መስሚያው የተዘጋ ነው። ዘሩ ውስጥ አንዲት ጂን ስለተቀየረች መልእክቱ ቢመጣም አይሰማም። ጠብታው ያው መልእክት ነው፣ በጠርሙስ የመጣ። የኛን ስንዴ ሙሉ ጠርሙስ ብታጠጪው እዚያው ቁጢጥ ብሎ ያይሻል። ስለዚህ ጠብታ ነክቶት ዝም ያለ የኛው ነው። የተመዘዘ ባዕድ ነው።

ልዩወርቅ ቅጠሉ ላይ አንድ ጊዜ ጠብ አደረገችለት። ከዚያ አገዳው ሥር ቢጫ ቀለበት አሰረች። ቀለበቱ ቁጥር አለው፤ ካልተቆረጠ አይከፈትም፣ ከተቆረጠ ደግሞ መቁረጡ ራሱ መልስ ነው።

«ሐሙስ እመለሳለሁ» አለች ጫማዋን እያጠለቀች።

«ባዕድ ከሆነስ?»

«ደንቡን ያውቁታል እትዬ ትርንጎ።»

አውቀዋለሁ። ወለሉ ይታጠባል። የሁሉም መደርደሪያ ይነቀላል፤ ሰባተኛ ወለል እስከሚቀጥለው ምርት የመጋዘን ዱቄት ይበላል። ባዕዱ የተገኘበት ቤተሰብ ደግሞ ምድር ቤት ይወርዳል። ምድር ቤት ወርጄ አውቃለሁ፣ የታመመ ለመጠየቅ። እዚያ እኔ ራሴ አንገቴን ሰበር አድርጌ ነው የሄድኩት። ኬና እዚያ ከገባች ቀና ብላ አትሄድም። በልጅነቷ ጎንበስ ያለች ሴት፣ ስታድግ ቀና ትላለች ብዬ አላምንም።

ገረመው ሥራ ላይ ነበር፤ የብሎኩ ሊፍት ሠራተኛ ነው። ደወልኩለት።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«የደወልሽው አንቺ ነሽ» አለ። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሄሎ በይኝ።»

«ሄሎ። ምድር ቤት ልንወርድ ነው።»

«ሊፍቱ ምድር ቤት ድረስ ደህና ይሠራል፣ እኔ ነኝ የጠገንኩት» አለ። እንዲህ ነው እሱ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ጣራው ሲወድቅ አያለሁ፣ እሱ ጣራው ላይ የተጻፈ ቀልድ ያያል።

ማታ ከሥራ ሲመለስ ግን አገዳውን አየና ቀልዱን ተወው። ከልዩወርቅ መሄድ በኋላ አንድ ጣት ጨምሮ ነበር።

«ብርሃን አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ከየት መጣ? ዘሩ እኮ ታሽጎ ነው የሚመጣው።»

ከየት እንደመጣ ያወቅሁት እራት እያነሳሁ ሳለ፣ ሳህን ሳለቀልቅ ነው። እጣቢውን ወደ ባልዲ ስገለብጥ እጄ ቀጥ አለ።

አባባ ቱፋ ከኛ ሦስት በር አለፍ ብለው ይኖሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በቅርቡ ነው ያረፉት። ሳያርፉ በፊት ለእድራችን ድስት ኃላፊ ለእትዬ ዘነበች አንድ ጀሪካን ስንዴ ሰጥተዋቸው ነበር። «ለኔ ንፍሮ የመደርደሪያውን እንዳትቀቅሉ» ብለዋቸዋል። «እሱ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። ሰው ጥርሱ ላይ ምንም ሳያገኝ ነው የሚያለቅስልኝ።» ስንዴው ረዘም ረዘም ያለ ፍሬ ነበረው፣ አመድ የተቀላቀለበት። እትዬ ዘነበችና እኔ ነበርን ያጠብነው። የብሎኩ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ እጣቢ ወደ ቧንቧ አይደፋም፣ ወደ መደርደሪያ ነው የሚሄደው። ደንብ አክባሪ ነኝ። ባልዲዬን ተሸክሜ ሄጄ የሟቹን ስንዴ እጣቢ የራሴ ስንዴ ላይ ደፋሁት። በእጣቢ ውስጥ ፍሬ እንደሚያመልጥ የማያውቅ ሴት የለችም። ግን የመደርደሪያው ስንዴ ፍሬው ቢወድቅ አይበቅልም፣ ከታሸገ ዘር በቀር አይበቅልም። የወደቀ ፍሬ መልቀም ከተውን ስንት ዘመናችን ነው።

«ንፍሮ ነው» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ገረመው።

«ባዕዱ። የአባባ ቱፋ ንፍሮ ነው።»

ኬና ከአልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። «እማዬ፣ ንፍሮ ሊያሳስረን ነው?»

«አያሳስርም» አልኳት። «ያወርዳል።»

ረቡዕ ዕለት አገዳው አልያዝ አለ። ጠብታው ሠርቶለታል። ሌሎቹ ያልሰሙትን እሱ ሰምቷል፣ እንደሚመስለኝ ብዙ ዘመን የቆየበትን መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ነው የሰማው። መብራቱን እንዳይነካ በኬና የፀጉር ላስቲክ ወደ ጎን አሰርኩት። በላስቲኩ ዙሪያ ተጠምዝዞ እንደገና ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ የታጠበ አንሶላ መደርደሪያው ላይ አሰጣሁ። የሚያልፈው ሁሉ «ትርንጎ፣ አንሶላ ኮሪደር ላይ?» ይላል፤ እኔ «ጭስ ማድረቂያው ተበላሽቶ ነው» እላለሁ። ጭስ ማድረቂያ የሚባል ዕቃ ቤታችንም ሆነ የማንም ቤት የለም። ሲጨንቀኝ አፌ የራሱን ሥራ ይሠራል።

እትዬ ዘነበች አላለፉም። ቆሙና አንሶላውን ገለጥ አደረጉ። አዩ። መልሰው ሸፈኑ።

«ንፍሮው ነው?» አሉኝ።

«እርስዎም ጋ በቅሏል?»

«ሦስት። ክሩ ሥር ሳይደርስ ነቅዬ ከሰላጣው ጋር በላሁት። ምነው እስካሁን አስቀመጥሽው?»

«አላየሁትም ነበር። አሁን ደግሞ ቀለበት አለው።»

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡና ቀለበቱን በጥፍራቸው አዞሩት። ዞረ። «ልዩወርቅ ናት ያሰረችው? ላላ አድርጋዋለች» አሉ። «ሳሙና አምጪ።»

«ይቆረጣል እኮ፣ ከተቆረጠ…»

«ማን ይቆርጠዋል? ልጄ፣ እኔ እድር ውስጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ከዚህ የደረቀ ጣት ላይ ቀለበት ሳወጣ ነው የኖርኩት። ያውም ባለቤቱ ሳይተባበር። ሳሙና።»

አንሶላው ውስጥ ገባን። ሁለት ሴቶች አንድ አንሶላ ሥር ጎንበስ ብለን፣ ከውጭ ምን እንደምንመስል አሰብኩ። እትዬ ዘነበች አገዳውን ከነሥሩ ሳብ አድርገው አወጡት፣ አፈሩን አራገፉለት፣ ሥሩን በሳሙና አለሰለሱትና ቀለበቱን እንደ ጠባብ የጣት ቀለበት ወደ ታች፣ በሥሩ በኩል አሾለኩት። አልተቆረጠም። ከዚያ አንዱን ቁጢጥ ያለ የኛን ስንዴ ነቅለው፣ በሥሩ በኩል ቀለበቱን አጠለቁለትና በቦታው መልሰው ተከሉት። መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ተዳረ» አሉ።

የአባባ ቱፋ ስንዴ እጄ ላይ ቀረ። ክንዴን አልፎ ይሄዳል። እጄ ላይ ረጅም ሆኖ ወዛወዝ ይላል፤ ስንዴ እንደዚህ እንደሚንቀሳቀስ አላውቅም ነበር። የኛው ሲነካ እንደ ብሩሽ ነው።

«በይ ቆራርጪና ከሻይ ቅጠሉ ጋር ጣይው» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ። እጄ ግን አልተዘረጋም።

«ትርንጎ።»

«እትዬ ዘነበች፣ ዋግ ቢመጣስ?»

«የት?»

«እዚህ። የመደርደሪያው ስንዴ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው። አንዱን የገደለ ሁሉንም ነው የሚገድለው። መጋዘኑ ቢቃጠልስ? ዘር የሚያሽጉት ሰዎች አንድ ቀን ቢረሱስ? ያን ጊዜ የወደቀ ፍሬ የሚበቅልለት ማን አለ?»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣው ክፉው ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው የሚታየኝ።»

እትዬ ዘነበች ስለ ሌላ ነገር ማውራት የጀመሩ መሰለኝ። «የአባባ ቱፋን ቤት ያጸዳን ቀን ትዝ ይልሻል? ቁምሳጥናቸው ውስጥ አንድ ልብስ እንኳ አልነበረም። መብራት ብቻ። እርጅና ነው፣ ልብሳቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ጠፍቷቸው ነው ብለን አዘንን።»

እጄ ላይ ያለውን አገዳ አየሁት።

«መብራቱ እድሩ ዕቃ ቤት ነው ያለው» አሉ በመጨረሻ። «ድስት ልዋስ ነው ብለሽ ነይ።»

እኛም ቁምሳጥን አለን። የእናቴ ነው፤ ጣራ ሩቅ በነበረበት ዘመን የተሠራ። አምና ጣራው ዝቅ ሲል አልገባ ብሎ ገረመው እግሮቹን በመጋዝ ቆረጣቸው። አሁንም ቤታችን ውስጥ እንደሱ ረጅም ነገር የለም። ልብሱን አውጥተን አልጋ ሥር ከተትነው። ስንዴውን በባልዲ ተክለን አቆምነው፣ መብራቱን ከላይ ሰቀልነው። ገረመው ሽቦውን እየቀጠለ፣ «ከእንግዲህ ሱሪዬ ሲጨማደድ ለምን እንደሆነ ለሥራ ባልደረቦቼ ምን ልበል?» አለ።

«ዋግ መጣብኝ በላቸው» አለች ኬና።

አንድ ችግር ቀረ። እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ቁምሳጥኑ ስለተዛባ በሩ በራሱ ይከፈታል። ቀስ ብሎ፣ እየጮኸ፣ አንድ ሰው ከውስጥ እንደሚገፋው። ወንበር አስደገፍኩበት።

ሐሙስ ልዩወርቅ መጣች። አንሶላውን አንስቼዋለሁ። ጫማዋን አወለቀች፣ ጎንበስ አለች፣ ቀለበቱን አገኘች። ቀለበቱን የያዘው ስንዴ ቁጢጥ ብሏል፤ ከዚያም አልፎ፣ ሥሩ ስለተነካ ቅጠሉ ዘመም ብሎ ነበር።

«ክሩን አልፎ አልነበር እንዴ?» አለች።

«አልፎ ነበር።»

«አሁን ወርዷል።»

«ደንግጦ ነው» አልኳት። አፌ ነው።

ልዩወርቅ ቀለበቱን በጣቷ አዞረችው፣ ቁጥሩን አነበበች፣ አለመቆረጡን አየች፣ መሣሪያዋ ላይ አስገባች። መሣሪያው ጢት አለ። «ጠብታውን አልሰማም» አለች ለመሣሪያው። «የወለሉ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «እጄን ልታጠብ?» አለችኝ።

ውሃ የለም ልላት ፈልጌ ነበር። ግን ባልዲው አጠገቤ ነው። ገባች። እጇን ስትታጠብ ወንበሩ ተንሸራተተ። የቁምሳጥኑ በር እየጮኸ አንድ ስንዝር ተከፈተ፣ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ወደቀና ካልሲዋ ድረስ መጣ። ልዩወርቅ ብርሃኑን አየች። እኔ በሐሳቤ ኬናን ጎንበስ ብላ ምድር ቤት ደረጃ ላይ አየኋት።

«መብራት ረስተዋል፣ እትዬ ትርንጎ» አለች።

«ለብል ነው። ብል ብርሃን አይወድም።»

«አይወድም» አለች። ፎጣውን ወስዳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረች። «አይቆለፍም?»

«ቁልፉ ጠፍቷል።»

«የአባባ ቱፋ ይቆለፍ ነበር።» ፎጣውን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «በመጣሁ ቁጥር ጎተት አድርጌ አየው ነበር። አንድም ቀን ተከፍቶ አላገኘሁትም። የተቆለፈ ቁምሳጥን ደግሞ ልብስ ነው፣ ምን ብዬ እጽፋለሁ? የተከፈተ ግን ያው የተከፈተ ነው፤ ማየት ሥራዬ ነው።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ሻይ ላፍላ ያልኳት ይመስለኛል። በሩ ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ ቀና ሳትል፣ «ቁልፉን ይፈልጉት» አለችኝ። «የሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው አብሮኝ ሊመጣ ይችላል። እሱ እንደኔ እጁን አይታጠብም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ቤቱን ስገለብጥ ዋልኩ። የስኳር ጣሳ፣ የስፌት ሳጥን፣ የአልጋው ሥር፣ የገረመው የመሣሪያ ከረጢት። ኬና ከትምህርት ቤት መጥታ ፈለገች። ገረመው ከሥራ መጥቶ፣ በሩን በሽቦ ላስረው አለ፤ ሽቦ ያሰረ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ እንቢ አልኩ። ሲመሽ ተስፋ ቆርጬ ስንዴውን ለማጠጣት ወጣሁ። ውሃውን እያንጠባጠብኩ በእርከኑ ጫፍ ስደርስ፣ የክሩ መወጠሪያ ትከሻዬን መታኝ። አሮጌው ቁልፍ።

ገረመውን ጠራሁት። መጣና አየው።

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አለ። «ብሎን ሳጣ። ቁምሳጥን መቆለፍ ማን ይፈልጋል ብዬ።»

ቁልፉን ፈታነው። ክሩ ወዲያው ላላና ስንዴው ላይ ተኛ። አየሁት፤ ሰላም አልሰጠኝም። በቁልፉ ፋንታ የሾርባ ማንኪያችንን ሰቀልንበት፣ ክሩ እንደገና ቀጥ አለ፣ ስንዴው ከሥሩ ቁጢጥ ብሎ ቀረ።

ውስጥ ገባን። ኬና የቁምሳጥኑን በር ይዛ ቆማለች። ከውስጡ አንድ ነገር ይሰማል፤ ቅጠል ከአገዳ ጋር ሲተሻሽ፣ በጣም በዝግታ። የአገዳው ጫፍ ማበጥ ጀምሯል። ከእብጠቱ ውስጥ ቀጭን፣ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ ነገር ወጥቷል።

«እማዬ፣ ጣራውን ቢነካስ?»

«የቁምሳጥኑን?»

«አዎ።»

ያን አስቤዋለሁ። ያን ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ሲበስል የት እንደምናደርቀው፣ ገለባው የት እንደሚጣል፣ ዘሩ ሲበዛ ስንት ቁምሳጥን እንደሚያስፈልግ አስቤዋለሁ። ከልዩወርቅ ጋር የሚመጣው ሰው ምን እንደሚመስልም አስቤዋለሁ። ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው።

«ለጊዜው ቦታ አለው» አልኳት። «አንቺም ራስሽን ጠብቂ፣ ጉበኑን።»

መብራቱን አስተካከልኩ። ባልዲውን በእጄ ነካሁት፣ እርጥብ ነው። በሩን ገፋሁት፤ ጮኸ፣ ገጠመ። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ዘይት ቀባሁትና አንድ ጊዜ አዞርኩት። ጎተት አድርጌ አየሁት። አልተከፈተም። ደግሜ አዞርኩት።